ከላይ የተጀመረው ቦይ

ያን ሰሞን አንድ ሰው ከፊቴ ቆሞ «ችካሉን ማን ተከለው?» ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ «እኔ ነኝ» እል ነበር ወይ? ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጊዜ ስለተረፈኝ ይህን ነገር ደጋግሜ አገላብጨዋለሁ። አንዳንድ ጧት «እንዴታ፣ እል ነበር» ብዬ እነሣለሁ። ከሰዓት በኋላ ያን ያህል እርግጠኛ አልሆንም። ማንም አልጠየቀኝምና የማውቅበት መንገድ የለኝም።

ሥራዬ ለብዙ ሰው ሥራ አይመስልም ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ አዲስ የቤት መሥሪያ ቦታ ሲሸነሸን መሬቱ በየት በኩል ከፍ፣ በየት በኩል ዝቅ እንደሚል፣ የክረምቱ ውሃ በየት እንደሚወጣ፣ አፈሩ ታጥቦ እንዳይሄድ ምን መደረግ እንዳለበት የሚወስን ክፍል ነበር፤ እዚያ ሠራሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ልተወው። ጎረቤቶቼ «የሻረግ የምን ሠራተኛ ናት?» ሲባሉ «የቦይ» ብለው ይገላገሉ ነበር። አልተሳሳቱም።

ተወልጄ ያደግሁት ዱርቤቴ ነው። አባቴ ደብተራ ነበሩ፤ ፊደልና ዳዊት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የመንግሥት ትምህርት ቤት የገባሁት ግን በዐሥራ ስድስት ዓመቴ ተድሬ፣ በሃያ ዓመቴ ተፋትቼ፣ ባሕር ዳር አክስቴ ዘንድ ከመጣሁ በኋላ ነው። አንደኛ ክፍል ውስጥ የወተት ጥርሳቸው ከወለቀ ልጆች ጋር ተቀመጥሁ። «እትዬ፣ እርሳሴን ቅረጪልኝ» ይሉኛል፤ እቀርጽላቸዋለሁ። ማንበቡን ስለማውቀው በሁለት ዓመት አራት ክፍል አለፍሁ፤ የቀረውን በማታ ተማርሁ። አክስቴ «ባልሽን ፈትተሽ መጽሐፍ አገባሽ» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ በዚያ ትዳር ደስተኛ ነበርሁ።

ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረስሁ መዝገብ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠርሁ። ደመወዙ ትንሽ፣ ወረቀቱ የትየለሌ። አብዮቱ መጥቶ፣ የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆኖ፣ ሠራተኛው በቤት ሥራ ማኅበር እየተደራጀ ቦታ መጠየቅ ሲጀምር ከደብዳቤው ጋር የመሬት ልክ ወረቀት ይጎርፍልን ጀመር። አንድ ቀን የቦዮቹ ኃላፊ አያ ይሁኔ በእርሳስ የተሞላ የልክ ወረቀት በቀለም እንድገለብጥላቸው ሰጡኝ። ገልብጬ ስመልስ፣

«አያ፣ ድምሩ ላይ አንድ ሴንቲ ይጎድላል» አልኋቸው።

«አንድ ሴንቲ? በአንድ ሴንቲ ማን ይሞታል?»

«እኔ እንጃ። ግን ይጎድላል።»

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩ። ከዚያ ወደ አለቃችን ክፍል ዞረው «ይቺ ልጅ እዚህ አቧራ ውስጥ ምን ትሠራለች?» ብለው ጮኹ። በሳምንቱ የሥራ ልብስ ተሰጥቶኝ ሜዳ ወጣሁ።

አያ ይሁኔ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ጀምረው፣ ለመንገድ ሥራ ጥለውት የሄዱ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ መሬቱን የሚቆጥሩ የሚመስሉ። የትከሻ ቦርሳቸው ውስጥ ሁለት ከረጢት አይጠፋም፤ በአንዱ የጤፍ ገለባ፣ በሌላው የገብስ ቆሎ። ገለባው ለሥራ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ሰው ሁሉ ወደ ጣሪያ ሥር ሲሮጥ እሳቸው ሱሪያቸውን ጠቅልለው ይወጡና ከሜዳው አናት እፍኝ ገለባ ውሃው ላይ ይበትናሉ። ከዚያ ገለባውን እየተከተሉ ይሄዳሉ። ሲቆም ይቆማሉ፣ ሲታጠፍ ይታጠፋሉ፣ የቆመበት ላይ ድንጋይ ያኖራሉ። እኔ ከኋላ ሆኜ ርምጃ እቆጥራለሁ።

ቆሎው ለሆድ ነው፤ እሱም ቢሆን ሥርዓት ነበረው። ከረጢቱን የሚፈቱት ውሃው የሚወጣበት ቦታ ከደረሱ በኋላ ብቻ ነው። ጧት ወጥተን ሰባት ሰዓት ቢሆን፣ ረኃብ ቢያንገላታን፣ መውጫው ካልተገኘ ቆሎ የለም። አንድ ጊዜ «አያ፣ አንዲት ፍሬ» ብዬ ብለምን «መውጫው የት ነው?» አሉኝ። «አላገኘነውም።» «እንግዲያ ምን ሠርተሽ ትበያለሽ?»

ሦስተኛ ልማዳቸው ጥያቄ ነበር። የመሬት መለኪያ መሣሪያውን በሦስት እግሩ ከማቆማቸው በፊት በአካባቢው ካለው ቤት ሁሉ በር ላይ እየቆሙ «እናቴ፣ ክረምት ላይ ውሃው የት ይተኛል?» ይላሉ። ሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሠሩትን ሽማግሌዎች ደግሞ «መስከረም ላይ ጣና እስከ የት ይመጣል?» ይሏቸዋል። ሐይቁ የሚሞላው ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌ ሳይሆን ዝናቡ ሊያባራ ሲል ነውና፣ በሚያዝያ የሐይቅ ልክ የተሠራ የቦይ መውጫ መስከረም ላይ ውሃ ማስገቢያ ይሆናል። ሽማግሌዎቹ ደንገሉ የሚደርቅበትን፣ ታንኳ የሚታሰርበትን ግንድ ያሳዩናል፤ እኛ እዚያ ላይ ቀይ ቀለም እንቀባለን።

ባሕር ዳርን የማያውቅ ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን እንደሆነ አይገባው ይሆናል። አገሩ ሜዳ ነው። መቶ ርምጃ ሄደሽ መሬቱ የሚወርደው አንዲት ስንዝር፣ አንዳንዴም ግማሿን ነው። አፈሩም ዋልካ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል፤ የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ጠጥቶ ጠጥቶ ያብጥና ይገጥማል፤ ከዚያ በኋላ ጠብታ አያስገባም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቦታ ከጀርባው ከፍ ብሎ ወደ መንገዱ ማዘንበል አለበት እንጂ ወደ ጎረቤት አያዘነብልም። የቤቱ ወለል ከመንገዱ ሁለት ስንዝር መብለጥ አለበት። ሣሩ ሁሉ በአንድ ቀን አይላጥም፤ በየቦታው መካከል መቀነት ያህል ሣር ይተዋል፣ አፈሩን የሚይዘው እሱ ነው። ቦዩ ውስጥ በየተወሰነ ርምጃ የድንጋይ ክትር ይደረጋል፤ ውሃው እንዲያርፍና ያግበሰበሰውን አፈር እንዲያስቀምጥ። ይህን ሁሉ እየጻፍሁ እንኳ ደስ ይለኛል።

አንድ ጊዜ አንድ አስተማሪና አንድ የፋብሪካ መካኒክ አጥር ተጋርተው ቤት ሠሩ። አስተማሪው ግቢያቸውን በገረጋንቲ ሞልተው ከፍ አደረጉት። ሰኔ ላይ ተካስሰው መጡ፤ እኛም ሄድን። ዝናብ እያካፋ ነው።

«መምህር፣ ግቢዎን ከፍ ያደረጉት ለእኔ ሐይቅ ሊሠሩልኝ ነው?» ይላል መካኒኩ።

«ያንተ ግቢ ድሮም ጉድጓድ ነው። ይህ የመሬት አቀማመጥ ትምህርት ነው፤ ብትማር ይገባህ ነበር።»

አያ ይሁኔ «ሁለታችሁም እስቲ ዝም በሉ» ብለው ከአስተማሪው ደጃፍ ገለባ በተኑ። ገለባው ተንሳፍፎ፣ ዘና ብሎ፣ በአጥሩ ሥር አልፎ የመካኒኩ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሁላችንም እዚያ ቆመን አየነው።

«መምህር» አለ መካኒኩ፣ «እስቲ ለገለባው ያስረዱት።»

አስተማሪው ሳቁ፤ በሳምንቱ ገረጋንቲውን ወደ ኋላ አስመለሱ። ሁለቱ በኋላ አበ ልጅ ሆኑ።

ጢስ ዓባይ ሁለት ክረምት ተመድቤ ሠርቻለሁ፤ እዚያ መሬቱ ተዳፋት ስለሆነ ውሃው ራሱ መንገዱን ይፈልጋል፣ የኛ ሥራ አፈሩን ማስቀረት ነበር። ዱርቤቴም አንድ በጋ ተልኬ «የደብተራው ልጅ ቦይ ልትቆፍር መጣች» ተብሎ ገበያው ሁሉ ሊያየኝ ወጣ። ልቤ ግን ባሕር ዳር ሜዳው ላይ ነበር።

እንግዲህ ወደዚያ ቦይ ልምጣ።

በከተማው ዳር፣ ከአስፋልቱ እስከ ሐይቁ የሚደርስ የግጦሽ ሜዳ ለአንድ የቤት ሥራ ማኅበር ተሰጠ። ዋናው ቦይ ከአስፋልቱ ተነሥቶ በአዲሶቹ ቦታዎች መካከል ያልፍና ከዚያ በታች ባለው ረግረግ አድርጎ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ከረግረጉ አፋፍ ላይ የቆዩ ጥቂት የጭቃ ቤቶች ነበሩ። ቁፋሮው በሕዝብ ዘመቻ፣ በእሑድ እንዲሆን ተወሰነ። ወሩ ሚያዝያ ነው። አያ ይሁኔ በዚያው ሳምንት የእኅታቸውን ተዝካር ሊያወጡ ጢስ ዓባይ ይሄዱ ነበርና ሜዳውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። ሲሄዱ ያሉኝ ይህን ነው፦ «መጀመሪያ መውጫው። ታቹ ሳይከፈት ላዩን ብትቆፍሪ ውሃ ሰብስበሽ ለማታውቂው ሰው መላክ ነው።» መቶ ጊዜ የሰማሁት ነገር ስለሆነ «እሺ አያ» አልሁ።

ዓርብ ዕለት የዘመቻው አስተባባሪ ጓድ ፈለቀ ቢሮ መጣ።

«ጓድ የሻረግ፣ እሑድ ከደብረ ማርቆስ እንግዶች ይመጣሉ። ሕዝቡ የት ነው የሚቆፍረው?»

«ከታች፣ ከሐይቁ ጀምሮ።»

«ረግረጉ ውስጥ? እንግዶቹ እኮ ጫማ አድርገው ነው የሚመጡ።»

«እኛም ጫማ አድርገን ነው የምንሠራ።»

ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። «እቴ፣ ቦይ ቦይ ነው። ከላይም ተጀመረ ከታች፣ ሲያልቅ ያው አንድ ነው። ከአስፋልቱ ሥር ጀምሪና በሚቀጥለው እሑድ ታቹን ትጨርሻለሽ። ዝናቡ እንደሆነ ገና ነው።»

አላስገደደኝም። ይህን መጻፍ አለብኝ። «አይሆንም» ብዬው ቢሆን ኖሮ ትከሻውን ነቅንቆ ይሄድ ነበር፤ እንግዶቹም ረግረጉን ከሩቅ አይተው ይመለሱ ነበር። እኔ ግን ያን እሑድ እኔ በወጠርሁት ሲባጎ ሦስት መቶ ሰው ሊቆፍር ነው። በሃያ ዓመቴ አንደኛ ክፍል የተቀመጥሁ፣ ሰው ሲሰበሰብ ጥግ የምይዝ ሴት ነኝ። አንድ ቀን ይታይልኝ አልሁ። ቅዳሜ ችካሎቹን ከአስፋልቱ ሥር ጀምሬ ወደ ታች ተከልሁ።

ቦዩ አማረ። ጎንና ጎኑ እኩል፣ ወለሉ ልክ፣ ሲባጎው አንድም ቦታ አልተዛነፈም። ከእንግዶቹ አንዱ «የመስመር ደብተር ይመስላል» ብሎ ጨበጠኝ። ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ዶማና አካፋውን ተሸክሞ ሲበተን ቦዩ ያለቀበት ቦታ ላይ ብቻዬን ቆምሁ። መጨረሻው የከብት መንገድ ላይ ነበር። መንገዱ በከብት ኮቴ ጎድጉዶ ወደ ቀኝ፣ ወደ ጭቃ ቤቶቹ ያዘነብላል። አየሁት። እዚህ ላይ በአፈር መድፈን አለብኝ፣ አልሁ። ቆፋሪ አልነበረም፤ ነገ አልሁ። ነገ ሰኞ ነበር፤ ወረቀት ነበር። ማክሰኞም እንዲሁ። በሚቀጥለው እሑድ ሕዝቡ ለችግኝ ዘመቻ ተጠራና ታቹን የሚቆፍር ጠፋ። ከዚያ እሑድ ቀጥሎ ባለው ሐሙስ፣ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሰማዩ ከሐይቁ በኩል ጠቆረ።

ዝናቡ ብርቱ ነበር፤ ግን ከዚያ የበረታ አይተናል። ውሃው ከአስፋልቱና ሣሩ ከተላጠው ሜዳ ሁሉ ተሰብስቦ፣ በዚያ ልክ በሆነው ወለል ላይ ሮጦ፣ ከከብቱ መንገድ ሲደርስ ወደ ቀኝ ታጠፈ። የመጀመሪያው ቤት የመሪጌታ ላቀው ነበር።

መሪጌታ ላቀው ብራና ጸሐፊ ናቸው። ቆዳውን ራሳቸው ይወጥራሉ፣ ይፍቃሉ፣ ያሰምራሉ፤ ቀለሙን ራሳቸው ያነጥራሉ። ለአንድ የደሴት ገዳም ተአምረ ማርያም እየጻፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የተጻፈው ሁሉ በጓዳ መደብ ላይ ተደራርቦ ተቀምጧል። ውሃው ሲገባ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ነበሩ፤ ሰው አልተጎዳም። የኋላው ግድግዳ ረጥቦ መደቡ ላይ ተደረመሰ።

በማግስቱ ጉዳቱን የሚመዘግብ ኮሚቴ ወጣ። የእጅ ጽሕፈቴ ጥሩ ስለሆነ ጸሐፊው እኔ ነበርሁ። መሪጌታ በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። የብራናውን ቅጠሎች አንድ በአንድ ገመድ ላይ አስጥተዋቸዋል። ብራና ውሃ ሲጠጣ ወደ ቆዳነቱ ይመለሳል፤ ተጨማዶ፣ ጠርዙ ተጠቅልሎ፣ የፍየል ሽታው እንደገና መጥቶ ነበር። ጥቁሩ ቀለም ታጥቦ፣ የእመቤታችን ስም የተጻፈበት ቀዩ ቀለም ቅጠሉን ሁሉ አልብሶታል።

ስማቸውን ጻፍሁ። ቀበሌውን ጻፍሁ። የደረሰውን ጉዳት ጻፍሁ። ከዚያ «የኔታ፣ የጉዳቱ ምክንያት የሚል ቦታ አለ» አልኋቸው።

«ጻፊ። ኃጢአቴ።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሳል አነቀው። «መሪጌታ፣ ይህ የመንግሥት ወረቀት ነው።»

«ምክንያቱን አይደል የጠየቃችሁኝ? ነገርኋችሁ። ሠላሳ ዓመት እዚህ ስኖር ውሃ ደጃፌን ረግጦ አያውቅም። ሐይቁ እንኳ ሲሞላ ከአጥሬ ተመልሷል። ዘንድሮ ልጨርስ አራት ቅጠል ሲቀረኝ ከኋላዬ፣ ከሜዳው መጣ። ከሜዳ ውሃ መጥቶ ያውቃል? ለእኔ የተላከ ነው። እጄን አልፈለገውም።»

ሰብሳቢው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ያልተጠበቀ ኃይለኛ ዝናብ በይ» አለኝ። ጻፍሁት። ፊደሉ ያምር ነበር። የመሪጌታም መልስ ልክ አልነበረም፣ የኮሚቴውም ልክ አልነበረም፤ ትክክለኛውን የማውቀው ብዕሩን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ማንም አልጠየቀኝም ብያለሁ። ወረቀቱ ግን ጠይቆኝ ነበር። ወረቀት ዓይን ስለሌለው ነው፣ እያልሁ ለራሴ እከራከራለሁ፤ ይህ ክርክር እንደማይረታም አውቃለሁ።

አያ ይሁኔ ከተዝካሩ በኋላ እዚያው ሰንብተው ሲመለሱ ቦዩን ከላይ እስከ ታች ሄዱበት። ከከብቱ መንገድ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆሙ። ከዚያ «ሰኞ ከመውጫው እንጀምራለን» አሉ። ያወቁ ይመስለኛል። ሰኞ ጧት ችካሎቹን ለእኔ ሰጡኝ። ቢቆጡኝ እመርጥ ነበር። ሃያ ሰው ይዘን፣ ጭቃው እስከ ጉልበታችን እየደረሰ፣ በዐሥራ አንድ ቀን ታቹን ከሐይቁ ወደ ላይ አገናኘነው። ክትር ሠራን፣ ጎኑን ሣር አለበስነው። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል ቤት የገባ ውሃ የለም።

ለመሪጌታ ቀበሌው እንጨትና ቆርቆሮ ሰጥቶ ግድግዳቸው ቆመ። ብርዕ ግን ዳግመኛ አላነሡም። ገዳሙ ሌላ ጸሐፊ ፈለገ። ልጆች ፊደል ያስቆጥራሉ፣ ዳዊት ያስደግማሉ፤ እንዲጽፉ ሲለመኑ «እኔ አልጽፍም» ብለው ይዘጋሉ። በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ቦዩን ለማየት በደጃቸው አልፋለሁ። «የቦይዋ ልጅ» ብለው ይጠሩኛል፤ «እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ እናንተ ከሠራችሁት ወዲህ ጠብ ያለ ውሃ የለም።» ምርቃቱን ተቀብዬ እሄዳለሁ። አንድ ዓመት በሌላ በኩል ዞሬ ለማለፍ ሞከርሁ፤ ከላይ ሆኜ የቦዩ ወለል በደንብ ስላልታየኝ ተመለስሁ።

አያ ይሁኔ ጡረታ ሲወጡ ክፍሉ ለእኔ ተሰጠኝ። እሳቸው በቃል ይዘውት የነበረውን ሁሉ በጽሑፍ ለማውረድ ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። በአዲስ የቤት መሥሪያ ቦታዎች ላይ የሚሠራበት ደንብ ሆነ፤ ዐሥራ ዘጠኝ አንቀጽ። ሰው ያለ ምክንያት የሚሰጠውን ትእዛዝ እንደሚረሳ ስለማውቅ ከእያንዳንዱ አንቀጽ አጠገብ ምክንያቱን በአንድ መስመር ጻፍሁ። ግቢ ወደ ጎረቤት እንዳያዘነብል የሚለው አጠገብ የመምህሩና የመካኒኩ ነገር ስም ሳይጠራ አለ። የመውጫው ልክ በመስከረም ሐይቅ ይሁን የሚለው አጠገብ የታንኳ ሠሪዎቹ ቃል አለ።

በዚያን ጊዜ ሰሎሞን የሚባል ወጣት ኢንጂነር ከአዲስ አበባ ተመድቦ የበላይ ኃላፊያችን ሆኖ ነበር። ደንቡን እንዲፈርምበት ሰጠሁት። በሁለተኛው ቀን ጠራኝ።

«እትዬ የሻረግ፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ አላየሁም። አንድ ነገር ብቻ። አንቀጽ አንድ፣ ‹ቁፋሮ ሁልጊዜ ከመውጫው ይጀመራል› የሚለው፣ ምክንያቱ ባዶ ነው። ታይፒስቷ ዘላው ነው?»

«አልዘለለችውም።»

«ታዲያ ምን ይባልበት? ‹ለጥንቃቄ› ልበል?»

‹ለጥንቃቄ› ቢባል ያልፍ ነበር፤ ይፈርም ነበር፤ ደንቡም ይወጣ ነበር። ነገር ግን አንድ ሴንቲ የጎደለበት ወረቀት አሳልፌ አላውቅም።

«ሰኞ እሞላዋለሁ» አልሁት።

ዛሬ ያ መስመር ተሞልቷል። ግን ከወረቀቱ በፊት ጉዳቱ የደረሰባቸው ሰው ሊሰሙት ይገባ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ መሪጌታ ላቀው ቤት ሄድሁ። ጎርፉ ከመጣ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር። ልጆቹን አሰናብተው በግቢያቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«የቦይዋ ልጅ! ሰኔ ገባ እንዴ?»

«አልገባም፣ የኔታ። ስለዚያ ውሃ ልነግርዎ ነው የመጣሁ።»

«ስለየትኛው ውሃ?»

«መጽሐፉን ስላጠፋው።»

ቆሜ ነገርኋቸው። ቦይ ከታች መጀመር እንዳለበት፣ ያ ቦይ ግን ከአስፋልቱ ሥር እንደተጀመረ፣ የከብቱ መንገድ ወደ አጥራቸው እንደሚያዘነብል።

«ከታች ተጀምሮ ቢሆን ውሃው የት ይሄድ ነበር?»

«ወደ ሐይቁ።»

«ከላይ ያስጀመረው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ችካሉን የተከልሁት እኔ ነኝ። መጨረሻው ላይ ቆሜ መንገዱን አይቼዋለሁ፤ አይቼ ነገ እደፍነዋለሁ አልሁ። ያን ቀን ወረቀት ይዤ ከፊትዎ ስቆምም አውቅ ነበር።»

ጣታቸውን መቁጠር ጀመሩ።

«ከወንድሜ ጋር በወሰን ተጣልተን ነበር። ኃጢአቴ ይሄ ነው ብዬ ዱርቤቴ ድረስ በእግሬ ሄጄ ታረቅሁ።»

«ደግ አደረጉ፣ የኔታ።»

«ዝም በይ፣ አልጨረስሁም። እሱ ካልሆነ ጠጁ ነው ብዬ ጠጅ ተውሁ። ዘጠኝ ዓመት! በሰው ሠርግ ላይ ከልጆች ጋር ብርዝ እየጠጣሁ!»

ሳላስበው ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። አዩኝ። «ሳቂ! ሳቂ እንጂ!» አሉና ሦስተኛውን ጣት ያዙ፤ እሱ ላይ ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ባለቤቴን፣ ነፍሷን ይማርና፣ አንድ የፋሲካ ቀን አስለቅሻት ነበር። ይሄም ሊሆን ይችላል አልሁ። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ በአንድ እያገላበጥሁ ስፈልግ ኖርሁ፤ የቱ እንደሆነ ሳላገኘው።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ የኔታ።»

ቀኝ እጃቸውን ወደ ፊቴ ዘረጉት። ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በዓይን የሚታይ መንቀጥቀጥ። «እጄን አልፈለገውም ብዬ ነው የተውሁት። አሁን እይው። አሁን ብይዘውስ መስመር ይጠብቃል?»

እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው አስገቡ።

«ከወንድሜ በመታረቄ አልጸጸትም» አሉ። «ይሄኛውን ግን አሁን ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ ውሸት ነው። ዛሬ ሂጂልኝ፣ ልጄ። ዛሬ ልቆጣ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ነይ።»

«እሺ፣ የኔታ» ብዬ ወጣሁ። የአጥሩን በር ስዘጋ ከውስጥ፣ ለብቻቸው፣ ጮክ ብለው «ብርዝ!» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ዘጠኝ ዓመት ብርዝ!»